ሄርማን ባላቸው መስሎኝ ነበር

የምሰራው ፍራንክፈርት አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው፣ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከምንከባከባቸው ሰዎች መሃል አንዲት የ91 ዓመት የበርሊን ሴትዮ ነበሩ፣ ኦማ (አያቴ እንደማለት) ነበር የምላቸው፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ ሌሎቹ ፍራው (ወይዘሮ) እንትና ሲሏቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ጠዋት ሳጥባቸው ሁሌ አንድ ዘፈን ያንጎራጉራሉ፣ ከዘፈኑ የሚገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ሄርማን። በቃ ሄርማን ሄርማን። የሞተ ባላቸው መስሎኝ ስንት ወር ሙሉ "አይዞት ኦማ፣ ሄርማን ገነት ነው ያለው" እያልኩ ሳፅናናቸው ቆይቼ አንድ ቀን ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝና በሳቅ ሞተች። ሄርማን የሚባል ሰው ከነጭራሹ በዘራቸው የለም። የክሌር ቫልዶፍ ዘፈን ነው አለችኝ፣ እናቴ ልጅ ሆና ቤታቸው ሸክላው ነበር አለችኝ።

ማታ ገብቼ ዩቲዩብ ላይ ከፈትኩት። ጉሮሮዋን በወፍጮ ያስፈጨች የሚመስል ሻካራ ድምፅ፣ ቅላፄው ግን ልክ ጉሊት ላይ ከደንበኛ ጋር እንደሚከራከር ሰው ነው። ፎቶዋ ደግሞ አጠር ያለች ሴት፣ ፀጉሯን ቁርጥ አድርጋ፣ ነጭ ሸሚዝ ከነክራባቱ፣ እጇ ላይ ሲጋራ። ከ1907 ጀምሮ የበርሊን ካባሬ (ዘፈንና ቀልድ የሚቀርብበት ምሽት ቤት) መድረክ ላይ የነገሰች፣ ከአንዲት ሴት ጋር አርባ ዓመት ገደማ አንድ ቤት የኖረች፣ ያንንም ሳትደብቅ። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር አሁን በኛ ዘመን የመጣ ነበር የሚመስለኝ።

ኦማ ጥር መጨረሻ ላይ አረፉ። ያላለቀ ኡርላውብ (የዓመት እረፍት) ነበረኝ፣ ለምን የሴትዮዋን ህይወት ከተወለደችበት እስከ ተቀበረችበት በባቡር አልከተለውም አልኩ። ትኬቱ ቀላል ነው፣ በወር (ያኔ በ2025 58 ዩሮ ነበር) ተከፍሎ በክልል ባቡሮች ሀገሩን በሙሉ መዞር ይቻላል፣ ፈጣኑ ባቡር ላይ ብቻ አትወጣም። የከበደኝ ሌላ ነው፣ ለሰው ምን ብዬ እንደምናገር። ሴት ከሴት ጋር የምትኖርን ሰው የሚጠራው የኛ ቃል ገና ከአፍ ሲወጣ ስድብ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ሀገር ቤት በህግም ያስቀጣል፣ የማርፈው ደግሞ አብዛኛውን ሀበሻ ቤት ነው። ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ "ትንሽ ልዞር ነው" ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ግንቦት 2 (ሜይ 10) ጌልዘንኪርሸን

በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስቼ ዚገን ላይ ቀየርኩ፣ ኤሰን ላይ ቀየርኩ፣ ከሰዓት ገባሁ። የጀርመን ኮርስ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ እዛ ነው ያለችው፣ ባሏ የከተማው የእግር ኳስ ቡድን ሻልከ ሁለተኛ ሊግ ወርዶም ማሊያውን ከላዩ የማያወልቅ ሰው ነው። ሶስት ክፍል ቤት ከነማሞቂያው 620 ዩሮ እንደሚከፍሉ ስትነግረኝ አመመኝ፣ እኔ ፍራንክፈርት ለአንዲት ክፍል 740 ነው የምከፍለው።

ክሌር እዚህ ከተማ ነው ጥቅምት 1884 የተወለደችው፣ ክላራ ቮርትማን ተብላ፣ ብዙ ልጆች ካሉበት ቤት፣ ወላጆቿም መጠጥ ቤት ነበራቸው። ያኔ ከተማው በከሰል ጉድጓድ የሚኖር ነበር፣ የሺህ እሳቶች ከተማ ይሉታል እስካሁን። አሁን ጉድጓዶቹ ተዘግተዋል፣ እሳቱም የለም፣ መሃል ከተማው ላይ ርካሽ ልብስ ቤትና ባዶ ሱቅ ነው የሚበዛው። እኔ ግን አልጠላሁትም፣ ሰዉ ያናግርሃል፣ ፍራንክፈርት ቢሆን አጠገብህ የቆመ ሰው ሞቶ ቢወድቅ ስልኩን አያነሳም።

ጓደኛዬ ይዛኝ የሄደችው የሙዚቃ ቲያትሩ ህንፃ ጋር ነው፣ በ1959 የተከፈተ፣ በመስታወቱ ውስጥ አንድ ግድግዳ ሙሉ ሰማያዊ ይታያል፣ ኢቭ ክላይን የሚባለው ፈረንሳዊ የሰራው፣ ስፖንጅ እየለጠፈ በሰማያዊ ቀለም የነከረው። የቆሻሻ ገንዳና የአውቶቡስ ፌርማታ እያየህ መጥተህ ድንገት ያንን ሰማያዊ ስታይ ዓይንህን ትጠራጠራለህ። ጓደኛዬ ስድስት ዓመት ኖራበት ወደዛ ቀርባ አይታው አታውቅም ነበር።

ከዛ ተራብን። ኩሪቩርስት እንብላ ተባለ፣ ሩር (ይሄ የከሰል አካባቢ) መጥቶ ያንን ሳይበሉ መሄድ ነውር ነው ይላሉ፣ እኔ የማን ስጋ ነው ብዬ ጠየቅኩ፣ ሰውየው "ስጋ ነው" አለኝ፣ የማን ስል "የቋሊማ" አለኝ። የአሳማ መሆኑ ነው። ጥብስ ድንች ከማዮኔዝ ጋር 4 ዩሮ ከፍዬ ቆሜ በላሁ፣ የጓደኛዬ ባል ግን እየሳቀብኝ የሱን ጨረሰ፣ እናትህ ስትደውል እነግራታለሁ አልኩት።

ማታ ቡና ላይ "ምን ልታይ ነው በርሊን የምትሄጂው?" ብላ ጠየቀችኝ። የጥንት ዘፋኝ ነገር ነው አልኳት። እዚህ እንደተወለደች ስነግራት ደስ አላት፣ "የኛ ከተማ ልጅ ናታ!" አለች። ከዛ በላይ አልተናገርኩም።

እሁድ ሜይ 11፣ ወደ በርሊን

ከስምንት ሰዓት በላይ በአዝጋሚ ባቡር፣ እዘለዋለሁ። ሀኖቨር ላይ ስቀይር ብቻ 25 ደቂቃ አገኘሁና ወጣ ብዬ አየር ወሰድኩ። የጀርመን የእናቶች ቀን ስለነበር እሁድ ሆኖም አበባ ሻጮቹ ክፍት ናቸው፣ ወንዱ ሁሉ አበባ ይዞ ይሮጣል። ክሌር እዚህ ከተማ ነው ሴት ልጅ ተምራ ጂምናዚየም (ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ሁለተኛ ደረጃ) መጨረስ በማትችልበት ዘመን ለሴቶች የተከፈተ ትምህርት ቤት የገባችው። ሀኪም መሆን ነበር የፈለገችው። ገንዘብ ግን አልነበረም፣ ትምህርቱ ቀረና ትንንሽ ከተማ እየዞረች ቲያትር መስራት ጀመረች። በ1906 ገና 22 ዓመት ሳይሞላት በርሊን ገባች። ሀኪም ልሁን ብሎ ተነስቶ ሌላ ነገር ላይ የደረሰ ሰው ታሪክ ለኔ አዲስ አይደለም፣ እኔም ነርስ ልሆን ነው የመጣሁት፣ ገና ረዳት ነኝ።

በርሊን ያረፍኩት ቬዲንግ ነው፣ የአጎቴ ልጅ ጋር። ሚስቱ በሩ ላይ ስታቅፈኝ ወጥ ወጥ ትሸታለች፣ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ፆም የለም፣ ዶሮ ሰርታ ጠበቀችኝ። ስምንት ሰዓት በደረቅ ዳቦ ለመጣ ሰው ያ ዶሮ ምን እንደሆነ መግለፅ አልችልም።

ሰኞ ሜይ 12፣ በርሊን፣ ኡ 6 ላይ

የዕለቱ ዕድል፣ እነሱ ቤት አጠገብ የሚያልፈው ኡ 6 የሚባለው የምድር ባቡር የኔን ሴትዮ ነገር በሙሉ በአንድ መስመር ይዞታል። ኦራንየንቡርገር ቶር ወርደህ ትንሽ ስትሄድ ፍሪድሪሽሽታት ፓላስት የሚባለው ትልቁ የትርኢት አዳራሽ ይመጣል፣ እዛ ጋር በስሟ የተሰየመ መንገድ አለ፣ ከደረት በላይ የሆነ የነሀስ ሀውልቷም ቆሟል። ሀውልቷን ከመንገድ ማዶ ጠብቄ ሳልፈው ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ትልቅ ነገር ነበር የጠበቅኩት። አጠገቧ አንድ የዲሊቨሪ ልጅ ሳይክሉን አስደግፎ በርገር ይበላል። ፎቶ አንሳኝ አልኩት፣ አነሳኝ፣ "ማናት?" አለኝ። ዘፋኝ አልኩት። "ራፐር?" አለኝ። ቢያስብበት ብዙም አልተሳሳተም።

ነገሩን ላስረዳ። በ1907 በርሊን ውስጥ ሮላንድ የሚባል ካባሬ ላይ መጀመሪያ ልትወጣ የነበረው የእንግሊዝ ተማሪ ልጆች በሚለብሱት የወንድ ሱፍ ነው፣ ይዛ የመጣችው ግጥምም በወታደሮች ላይ የሚያፌዝ ነበር። ያኔ ንጉሱ ካይዘር ነው፣ ሳንሱር አለ፣ ግጥሙም ተከለከለ ልብሱም ተከለከለ። በምትኩ ቫልተር ኮሎ የሚባል ፒያኒስት የሰራውን አንድ ዘፈን ሰጧት፣ አንድ ወንድ ዳክዬ ኩሬ ዳር ካለች ፊላ ፍቅር ይዞት የሚዘፍነው። ፊላ፣ አዎ፣ ሰሌን የሚሰራበት ሳር። ወታደር ላይ አትቀልጂ ተብላ በዳክዬ ተነሳች። ሰዉ አበደ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ትልልቆቹ አዳራሾች የሷ ሆኑ፣ ሸሚዝና ክራባቷንም መድረክ ላይ መለያዋ አደረገችው፣ እዛው ቆማ ታጨሳለች፣ ትሳደባለች። ስካላና ቪንተርጋርተን የሚባሉት አዳራሾች ላይ ስትሰራ በኋላ የፊልም ኮከብ የሆነችው ማርሌነ ዲትሪሽ ገና ጀማሪ ነበረች። ወደ ሶስት መቶ ዘፈን ነበራት ይባላል፣ በ1926 የዘፈነችው አንዱ ወንዶቹን ከፓርላማ አስወጡልን የሚል ነው። በ1926!

እኔን ግን የገረመኝ ቋንቋው ነው። በርሊኖች የራሳቸው ጀርመንኛ አላቸው፣ ኢኽ የሚለውን ኢክ ይሉታል፣ ዳስ የሚለውን ደት፣ ጉት የሚለውን ዩት። ቤ አይንስ የሚባለውን የጀርመንኛ ፈተና አልፌ ኦማ ክፍል ስገባ አንድ ቃል ያልሰማሁት ለዚህ ነው፣ ሄርማን ሃይስት ኤር ማለት ሲገባቸው ሄርማን ሄስት ኤር ይላሉ። እና ክሌር የዚህ ቋንቋ ንግስት ናት፣ ከሷ በላይ በርሊን የሆነ ሰው የለም ይላሉ። ሴትዮዋ ግን የጌልዘንኪርሸን ልጅ ናት! ካደገች በኋላ መጥታ ከሰፈር ሰው አፍ ለቅማ የተማረችው ነው። ይሄን ሳነብ አልጋዬ ላይ ተነስቼ ነው የተቀመጥኩት። እኔ 29 ዓመቴ ላይ ነው ዴር ዲ ዳስ ማለት የጀመርኩት፣ እስከዛሬ ስልክ ሳነሳ ከወዲያ ያለው ሰው ቀስ እያለ እንደ ህፃን ነው የሚያናግረኝ።

ከዛ በዛው ባቡር ሃለሸስ ቶር ወረድኩ። በ1928 ሃነሎረ የምትባል የዚህ ሰፈር ልጅ ላይ የዘፈነችው ዘፈን አለ፣ ፀጉሯን የተቆረጠች፣ ወንድ ትሁን ሴት የማትለይ፣ እጮኞቿም አንድ ወንድና አንዲት ሴት የሆኑ። ይሄ ዘፈን በሸክላ ታትሞ በአደባባይ የተሸጠ ነው። ጣቢያው ጋር ግን ምንም የለም፣ ድልድይ፣ የሚሸት ቦይ፣ ርግብ። ፈላፍል በ5 ዩሮ በልቼ ተመለስኩ፣ ቂጣው ከስር ተቀዶ መረቁ በሙሉ ጃኬቴ ላይ ፈሰሰ። ነጭ ጃኬት ነው ደግሞ።

ማታ ራት ላይ ነው ጉዱ የፈላው። የአጎቴ ልጅ የ12 ዓመት ልጅ አለችው፣ "አንቺ ዛሬ የት ነበርሽ" አለችኝ፣ የክሌርን ስም ነገርኳት፣ ስልኳን አውጥታ ጎግል አድርጋ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ተወለደች፣ ዘፈነች፣ ከዛ ሌበንስገፌርቲን የምትለው ቃል ጋር ደረሰች፣ የህይወት ጓደኛዋ ኦልጋ ፎን ሮደር። "ማማ፣ ሚስት ነበራት!" አለች ልጅቷ። አባትየው እንጀራውን እንደጠቀለለ እጁ አየር ላይ ቀረ። እኔ ውሃ ጠጣሁ። ውሃው አልቆም ጠጣሁ። እናትየው "ቡና ላፍላ" ብላ ተነሳች።

አቦሉ አልቆ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ፣ ባልየው ቴሌቪዥን ጋር ሄዷል፣ ልጅቷ ተኝታለች፣ እናትየው ሲኒውን እያቀበለችኝ ድምጿን ቀንሳ "እና ስንት ዓመት አብረው ኖሩ?" አለችኝ። አርባ ገደማ አልኳት። "አርባ!" አለች። ወደ ሳሎን ዞር ብላ አየች። "እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር አስራ አራት ዓመቴ ነው፣ ደክሞኛል።" ሁለታችንም በነጠላ አፋችንን አፍነን ሳቅን። ሶስተኛውን ቡና ጠጥታ ስለኦልጋ ጠየቀችኝ፣ የመኳንንት ቤት ልጅ ናት አልኳት፣ ያ ፎን የሚባለው ነገር እሱ ነው፣ ኦሊ ነው የምትላት፣ የተዋወቁት አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ አካባቢ ነው። "የኦሊ ቤተሰብ ምን አሉ?" አለችኝ። የሀበሻ ጥያቄ።

ማክሰኞ ሜይ 13፣ ሾነበርግ

ኡ 4 የምትባለዋ ባቡር አምስት ጣቢያ ብቻ ያላት ሚጢጢ መስመር ናት፣ ቪክቶሪያ ሉዊዘ ፕላትስ ወረድኩ። አደባባዩ ላይ ፏፏቴ አለ፣ ዙሪያው ሀብታም ሰፈር ነው፣ አንድ ማኪያቶ 4 ዩሮ ከ20። ከዛ ረገንስቡርገር መንገድ ቁጥር 33 ሄድኩ፣ ሁለቱ የኖሩበት ቤት፣ የመታሰቢያ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ አለ። ቆሜ ሳነብ አንድ ሰውዬ ውሻውን ይዞ ወጣና ቤት የምፈልግ መስሎት "እዚህ ምንም ባዶ የለም" አለኝ። በርሊን ቤት ፍለጋ እንዴት እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

ከዛ በእግር ወደ ኖለንዶርፍፕላትስ። በ20ዎቹ የሴቶቹም የወንዶቹም ምሽት ቤቶች የነበሩት በዚህ ዙሪያ ነው። ሽቬሪንሽትራሰ ላይ ቶፕኬለር የሚባል ቤት ነበር፣ ሰኞ ሰኞ ፒራሚደ የሚባለው የሴቶች ክበብ እዛ ይሰበሰባል፣ ክሌርና ኦሊ ደንበኛ ነበሩ። ያኔ በጀርመን ወንድ ከወንድ ጋር ከተገኘ አንቀፅ 175 የሚባል ህግ እስር ቤት ይከተዋል፣ ሴቶችን ግን ህጉ አይጠቅስም ነበር፣ ህጉ ጨርሶ የተነሳው በ1994 ነው። እኔ ተወልጄ ነበር ማለት ነው። ባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ ናዚዎች የገደሏቸውን ግብረሰዶማውያን የሚያስታውስ የሶስት ማዕዘን ሰሌዳ አለ፣ ስሩ ሰው አበባ አስቀምጧል፣ ደርቋል። (ቃሉን ፃፍኩት፣ ሌላ አላገኘሁም፣ ያው እንዳልኩት ነው።)

ስለ ናዚዎቹ ካነሳን፣ ክሌር በ1933 ለተወሰነ ጊዜ መድረክ ተከልክላ ነበር፣ ምክንያቱ ቀይ እርዳታ ለሚባለው የኮሚኒስቶች ማህበር መዝፈኗ ነው። በኋላ ቢፈቅዱላትም እንደድሮው አልሆነም። ሄርማን የሚለው ዘፈን ግን ቀለል ያለ የፍቅር ዘፈን ነው፣ ከአንደኛው ጦርነት በፊት የወጣ፣ አንዲት ሴት ሄርማኗን የምታወድስበት። የናዚዎቹ የአየር ኃይል አለቃ ስሙ ማን ነው? ሄርማን ጎሪንግ። ሰውየው ሜዳሊያ ይወዳል፣ ሆዱም ትልቅ ነው፣ በርሊኖች ከራሳቸው ስንኝ ጨምረው በቀኝ ጌጥ በግራ ጌጥ፣ ሆዱም እየሰፋ ሄደ ብለው ይዘፍኑት ጀመር። እሷ አልፃፈችውም፣ ህዝቡ ነው የጨመረው። ይሄን ለማንም ፈረንጅ ቢነገረው ይገርመዋል፣ ለኛ ምኑም አይገርምም፣ አዝማሪ ቤት ገብቶ "ተቀበል!" ያለ ሰው በሙሉ ያውቀዋል፣ ስንኙ የአዝማሪው አይደለም፣ አዝማሪው አቀባዩን አይጠይቅም፣ ወርቁንም ሰሚው ያወጣዋል። ኦማ የ1933 ልጅ ናቸው፣ ያንን የሆድ ስንኝ እየሳቁ ይሉት እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። እኔ እኮ ያኔ አንሶላ እየቀየርኩ "አይዞት" እላለሁ።

ማታ የሌሊት አውቶቡስ ወደ ሙኒክ፣ 34 ዩሮ። የአጎቴ ልጅ ሚስት ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ጆሮዬ ላይ "ስትደርሺ ደውዪ፣ መቃብሩን ስታዪ ፎቶ ላኪልኝ፣ ለሱ ሳይሆን ለኔ" አለች።

ረቡዕ ሜይ 14፣ በስህተት ኦስትሪያ

አውቶቡሱ ላይ አልተኛሁም፣ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ቺፕስ በላ። ሙኒክ አንድ ብሬትስል (የተጠማዘዘ ዳቦ) በቅቤ ገዝቼ ባቡር ያዝኩ፣ ፍራይላሲንግ ላይ ወርደሽ ቀይሪ ነው የሚለው። ተኛሁ። ስነቃ ሰው ሁሉ እየወረደ ነው፣ እኔም ወረድኩ፣ ማስታወቂያው ላይ ዛልስቡርግ ይላል። ሀገር አቋርጫለሁ! ትኬቱ እስከ ዛልስቡርግ ጣቢያ ይሰራል እንኳን፣ ቅጣት የለም፣ ግን መመለሻው ላይ ፖሊሶች ባቡሩ ውስጥ ገብተው መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ከሰረገላው መጀመሪያ የጠየቁት ማንን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። አውፍኤንትሃልትስቲቴሌን (የመኖሪያ ፈቃዴን) ቦርሳዬ ስር ፈልጌ እስካገኘው ልቤ አፌ ውስጥ ነበር። "ዛልስቡርግ ምን ሰሩ?" አለኝ። ተኝቼ ነበር አልኩት። ትንሽ አየኝና ጃኬቴ ላይ ያለውን የፈላፍል እድፍ አይቶ ሳቀ፣ መለሰልኝ።

ባድ ራይሸንሃል ስገባ ግን ሁሉንም ረሳሁት። ተራራው ከተማው ላይ ሊወድቅ ነው የሚመስለው፣ ግንቦት ሆኖ ጫፉ ላይ በረዶ አለ። የጨው ከተማ ነው፣ ከምድር ስር የሚወጣ ጨዋማ ውሃ አላቸው። መናፈሻው ውስጥ ረጅም የእንጨት ቤት ቆሟል፣ በእሾህ ጭራሮ እስከ ላይ የተሞላ፣ ጨዋማው ውሃ ከላይ በጭራሮው ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፣ ሽማግሌዎቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አየሩን ይስባሉ፣ ለሳንባ ነው አሉኝ። እኔም ተቀመጥኩ። አያቴ አሞሌ ጨው በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ወርቅ ስታስቀምጥ አስታውሳለሁ፣ ከአፋር በግመል የመጣ፣ የሚላሰው እንግዳ ሲመጣ ነው። እዚህ ሰዎቹ ጨው ሊተነፍሱ ሆቴል ይከፍላሉ። ከንፈሬን ስልስ በእርግጥም ጨው ጨው ይላል።

ያረፍኩበት ፔንስዮን (ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ) ቁርስ ጨምሮ 64 ዩሮ ነው፣ በዚህ ጉዞ የከፈልኩት ትልቁ ብር እሱ ነው። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ የባየርን ጀርመንኛቸው ደግሞ ሌላ ሶስተኛ ቋንቋ ነው፣ በምልክት ተግባባን።

ሐሙስ ሜይ 15፣ ባየሪሽ ግማይን

ቁርስ ላይ ሴትዮዋ "ለእግር ጉዞ ነው የመጣሽው?" አሉኝ። እስካሁን ለሰው ሁሉ ልዞር ነው እያልኩ ነበር፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለክሌር ቫልዶፍ ነው የመጣሁት፣ እዚህ ከሴት ጓደኛዋ ጋር ትኖር ነበር አልኳቸው። እንቁላሉን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ፣ "የሄርማኗ!" አሉ። ከዛ ስለ አውቶቡሱ ሰዓት ነገሩኝ። በቃ። እኔ ፊቴ ሲግል እሳቸው ስለ አውቶቡስ።

በባቡር ሄድኩ ግን፣ ደቂቃዎች ናቸው። ባየሪሽ ግማይን መንደር ነው፣ ሜዳ፣ የከብት ቃጭል፣ በረንዳው በአበባ የተሞላ ቤት፣ አንዲት ዳቦ ቤት። ሁለቱ በ1939 በርሊንን ትተው እዚህ መጡ። ከዛ ጦርነት። ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ገንዘብ ሲቀየር ያጠራቀመችው ሁሉ ወረቀት ሆነ። ገንዘብ ሲቀየር ምን እንደሚሆን እኔ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስንት አዳራሽ የሞላች ሴት እዚህ ዛፍ መሃል ድሃ ሆና ቁጭ አለች፣ በ1953 ትዝታዋን በመፅሀፍ አሳተመች፣ የበርሊን ከተማም ትንሽ ጡረታ ቆርጦላት ነበር። ጃንዋሪ 22 ቀን 1957 በስትሮክ ባድ ራይሸንሃል ሞተች። 72 ዓመቷ ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል ተራመድኩ፣ ጫማዬ ለጭቃ አይሆንም ነበር፣ አንድ ጊዜ ተንሸራትቼ በቂጤ ቁጭ አልኩ፣ ላሞቹ ብቻ ነው ያዩኝ። በርሊን ውስጥ ካዳመጥኳት ይልቅ እዚህ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማት ከበደኝ፣ ያ ሁሉ ጩኸትና የጎዳና ቀልድ፣ ዙሪያው ደግሞ ቃጭል ብቻ። መንደሩ ውስጥ በርሊንኛ የሚያወራት ሰው ኦሊ ብቻ ሳትሆን አትቀርም ብዬ አሰብኩ። እኔም አንዳንድ ሳምንት ፍራንክፈርት ላይ አማርኛ የማወራው ከስልኬ ጋር ብቻ ነው። ስመለስ የገዛሁት ካይዘርሽማርን የሚሉት የተቦጫጨቀ ፓንኬክ ነገር 13 ዩሮ ነው፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው፣ ብቻዬን ጨረስኩት።

አርብ ሜይ 16፣ ሽቱትጋርት

ከሰዓት ነው የገባሁት። ጣቢያው ገና ግንባታ ላይ ነው፣ ከባቡሩ እስከ መውጫው ያለው መንገድ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ባድ ራይሸንሃል በ3 ዩሮ ከ50 አንዲት ትንሽ ጌራንየም ከነማሰሮዋ ገዝቼ ነበር፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ጭኔ ላይ ይዣት መጥቼ አንገቷን ደፍታለች። ፕራግፍሪድሆፍ በከተማ ባቡር ቅርብ ነው፣ ፌርማታውም በመቃብሩ ስም ነው የሚጠራው። ትልቅ ነው፣ ጫካ በለው። አትክልተኛውን ስጠይቀው ሳልጨርስ "ሴፕሊን ወደዛ" ብሎ ጠቆመኝ፣ ያ አየር መርከብ የሰራው ቆጠሩ እዚህ ነው የተቀበረው፣ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚፈልገው መሰለኝ። አይ ቫልዶፍ አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ከኔ ጋር ፈለገ።

ሁለቱም እዛ ናቸው። ክሌር ከ1957 ጀምሮ፣ ኦሊ ከ1963። ስድስት ዓመት ቆይታ ተከተለቻት። ጌራንየሟን አስቀመጥኩ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ለአጎቴ ልጅ ሚስት ላክሁላት፣ ወዲያው ሁለት ሰማያዊ ምልክት ሆነ፣ መልስ ግን አልመጣም፣ ስራ ላይ ናት።

አበባዋ ውሃ ትፈልጋለች። እዚህ ሀገር ብዙ መቃብር ቤት ማጠጫው በሰንሰለት የታሰረ ነው፣ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ሳንቲም ካልከተትክ አይፈታም። እኔ ደግሞ ያለኝ ካርድና አንድ 20 ዩሮ ብቻ ነው። ቆሜ ቦርሳዬን ሳራግፍ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ መጡና ምንም ሳይሉ ሳንቲም ከተው ፈቱልኝ። ሞልቼ ስመለስ ተከትለውኝ መጡ፣ ለሳንቲማቸው ይሆናል። "ዘመድሽ ናት?" አሉኝ። አይ አልኩ፣ ዘፋኝ ናት፣ ክሌር ቫልዶፍ፣ ይቺ ደግሞ ሚስቷ ናት። "አህ፣ ዲ ቫልዶፍ" አሉ፣ ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉና ማጠጫውን ከእጄ ወስደው አሰሩት፣ ሳንቲማቸውን ነቅለው ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

በሩ ጋ ሳልደርስ ዝናብ ጣለ።